ያቀረቀርኩበት ቅዳሜ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ዐቢይ ጾም በገባ ቁጥር ስድቤን፣ መጠጤን፣ ሐሜቴን ስዘረዝር እቆይና እዚህ ላይ ስደርስ ዘልዬ አልፋለሁ። እሳቸው ይፈቱኛል፣ እኔ ግን እንደታሰርኩ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። አንተ ይህን የምታነበው አታውቀኝም፤ እኔም ፊትህን አላየውም። ምናልባት ለዚህ ይሆናል ልነግርህ የደፈርኩት።

በደርግ ዘመን፣ ጉለሌ ውስጥ፣ ከጳውሎስ ወደ ሸጎሌ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች አንዲት ጋራዥ መካኒክ ነበርኩ። ዕድሜዬ ሃያ ስምንት ነበር። እጄ ጥሩ ነበር፤ ጥሩ መሆኑንም ከሁሉ ቀድሜ የማውቀው እኔው ነበርኩ።

ጋሽ ይልማ የሚባሉ መሐንዲስ አሮጌ የጣሊያን ስፖርት መኪና ነበረቻቸው፤ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ቀይ። እሳቸውና ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ልጅ ስላልነበራቸው ሰፈሩ መኪናዋን «የነይልማ ልጅ» ይላት ነበር። አንድ ቀን ጋሽ ይልማ መጡና «መሪዋ ላልቷል። እኔ አዞራለሁ፣ እሷ ግን የምትዞረው ደስ ሲላት ነው» አሉኝ። ባለቤታቸው አጠገባቸው ተቀምጠው ይስቁ ነበር።

መሪ ላላ ሲባል ሰነፍ መካኒክ የመሪውን ሳጥን ብሎን አጥብቆ ይሸኛል። ለሳምንት ደህና ይመስላል። እኔ እንደሱ አላደረግሁም። ጋሽ ይልማን መሪው ላይ አስቀምጬ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ወደ ግራ እንዲያወዛውዙት ነገርኳቸውና ከሥር ገባሁ። መሪውን ከጎማዎቹ ጋር የሚያያይዙትን መጋጠሚያዎች አንድ በአንድ በመዳፌ ያዝኩ። የተበላው መጋጠሚያ እጅ ውስጥ ኳ፣ ኳ ይላል። ሁለቱ ዳርና ዳር ያሉት አልቀው ነበር። ዕቃው ገበያ ላይ ስላልነበረ ጋሽ ይልማ ከስንት ልመና በኋላ ከአስመራ አስመጡ። ገጠምኩት። መሪው በሁለት ጣት የሚታዘዝ ሆነ። ነገ ይውሰዷት አልኳቸው።

በነጋታው ከሥራ ቦታቸው ወሰዷቸው። የዚያን ጊዜ «ወሰዷቸው» ሲባል ማን፣ ለምን ተብሎ አይጠየቅም ነበር።

መኪናዋ ጋራዡ ጥግ ሸራ ለብሳ ቀረች። እትዬ አስካለ ለወራት ስንቅ አመላለሱ። ከዚያ አንድ ቀን የእስር ቤቱ ዘበኛ «ተዛውሯል» አላቸው። ወዴት? የሚነግራቸው አጡ። ያን ጊዜ ነው ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ጋራዡ መምጣት የጀመሩት። ሸራውን ይገልጣሉ፣ አቧራውን ይጠርጋሉ፣ ከዚያ ባላቸው ቦታ ተቀምጠው መሪውን ቀስ አድርገው ወዲያ ወዲህ ያዞሩታል። «እንዳይደርቅ ነው» ይሉኛል። ለምን እንደሚያዞሩት እናውቅ ነበር። መሪው እስከታዘዘ ድረስ ሰውዬው ይመለሳሉ ብለው ነው።

አሁን የኔን ነገር ልናገር። ከድር የሚባል የታክሲ ሹፌር ወዳጄ ነበር፤ አራት ልጆች አሉት። ታክሲው ከዚያችው ስፖርት መኪና ጋር ከአንድ ፋብሪካ የወጣ ስለሆነ የመሪው መጋጠሚያ አንድ ዓይነት ነው። ዕቃ አጥቶ ወር ሙሉ ቆመ። ደግሞ እኔ «ዕቃ የለም» ብሎ ሰው መመለስ ሞቴ ነው። ዓይኔ ወደ ሸራው ሄደ።

«የሰው አይደለም እንዴ?» አለኝ ከድር።

«የሞተ ሰው መኪና አይነዳም» አልኩት።

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም፤ ከድርም አልለመነኝም። እትዬ አስካለን ብጠይቃቸው ይከለክሉኝ ነበር? አይከለክሉኝም። ታዲያ ለምን አልጠየቅኳቸውም? ለመጠየቅ «እሳቸው እንደሆነ አይመለሱም» የሚለውን ፊታቸው ቆሜ መናገር ነበረብኝ። ያን ከመናገር መስረቅ ቀለለኝ። አዲሶቹን ፈትቼ ለከድር ሰጠሁ፣ ያለቁትን ድሮዎቹን መለስኩ።

ቅዳሜ እትዬ አስካለ መጡ። ሸራውን ገለጡ፣ ጠረጉ፣ ተቀመጡ፣ መሪውን ያዙ። አዞሩት። ቆም አሉ። እንደገና አዞሩት። እኔ ዞር ብዬ የማይፈታ ነገር የምፈታ መሰልኩ።

«ላልቷል» አሉ። «አንተ ሠርተኸው አልነበረም?»

ብሎን ማዞሬን ቀጠልኩ።

«ዕቃውን አውጥተህበታል?»

መፍቻውን አስቀምጬ ሌላ አነሳሁ። ረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ ያለውን ነገር ተናገሩ፦ «አንተ በሕይወት ያለ ሰው ንብረት የምትነካ ልጅ አይደለህም። የእነዚያ የወሰዱት ሰዎች መኪናም እዚህ ነው የሚሠራው፤ ሁሉን ትሰማለህ። የሰማኸው ነገር አለ፣ አይደል?»

አቀረቀርኩ። ያቀረቀርኩት ከሀፍረት ነው። ግን በእኛ አገር መርዶ ነጋሪ ምን ያደርጋል? ያቀረቅራል። እትዬ አስካለም ያቀረቀርኩትን አይተው መርዷቸውን ሰሙ።

«እሺ» አሉ። ወረዱ፣ ሸራውን ራሳቸው አለበሱት። በሩ ጋ ሲደርሱ ምሰሶውን ይዘው ትንሽ ቆሙ። የገባቸው ሌላ እንደሆነ አውቄያለሁ። ወዲያው ነው ያወቅሁት፤ በኋላ ነው የገባኝ ብዬ አልዋሽህም። «እትዬ፣ ሰርቄ ነው» ማለት ብቻ ይበቃ ነበር። አፌ እምቢ አለኝ እንዳልል አፌ ደህና ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ከከድር ጋር ስስቅ ዋልኩ። ሌባ ከምባል ባላቸው ሙተው ይቅሩ አልኩ። ይኸው ነው ያደረግሁት።

የዚያን ዘመን በግልጽ ለቅሶ መቀመጥ ያስፈራ ነበር። ጥቁር ለበሱ፣ ፍትሐቱን በድብቅ አስደረሱ። ወደ ጋራዡ ዳግመኛ አልመጡም። ጋሽ ይልማ በተወሰዱ በሁለተኛው ዓመት የቤታቸውን ዕቃ ለዘመድና ለድሃ አከፋፍለው እንጦጦ ማርያም ወጡና መነኮሱ። ቆብ ደግሞ ዛሬ ደፍተው ነገ የሚያወልቁት ነገር አይደለም። እኔ ይህን ሁሉ እየሰማሁ ጎማ እፈታ ነበር።

በሰባተኛው ዓመት ጋሽ ይልማ በእግራቸው መጡ።

ከስተዋል፣ ጥርሳቸው ረግፏል፣ ግን እሳቸው ናቸው። እግራቸው ላይ ወድቄ አለቀስኩ፤ የደስታ መስሏቸው አነሱኝ። መኪናዋን አዩ፣ ተቀመጡ፣ መሪውን ነካ አደረጉና «ቆማ ከርማ ነው የላላችው» አሉ። እኔም አዎ አልኩ። ዕቃ ፈልጌ ገጠምኩ፤ ለፍተሻም እንደ ድሮው እሳቸው መሪው ላይ፣ እኔ ከሥር ሆንን። ከላይ ድምፃቸው መጣ።

«እንጦጦ ሄጄ አየኋት። ማነው ሞቷል ያለሽ ብዬ ጠየቅኋት።»

መጋጠሚያውን በመዳፌ እንደያዝኩ አዳመጥኩ።

«ማንም አላለኝም፣ እኔው ነኝ ተስፋ የቆረጥኩት አለችኝ። ምናለ ሰው ዋሸኝ ብትለኝ? እኔ እዚያ የኖርኩት እኮ በእሷ ነው። እሷ ግን ሁለት ዓመት እንኳ አልታገሠችኝም።»

ስሜን አልጠሩም። እትዬ አስካለ ስሜን አልጠሩም። ለምን? ሰውዬው እንዳይገድሉኝ ፈርተው ነው? ወይስ የልጅ ነገር ብለው ንቀው ተዉት? አላውቅም። የማውቀው አንድ ነገር ነው፦ በዚያች ደቂቃ አንድ ቃል ብተነፍስ የሁለቱም ልብ ያርፍ ነበር።

«ትሰማኛለህ?» አሉኝ ጋሽ ይልማ።

«ወደ ግራ ያዙሩት፣ ጋሼ» አልኳቸው።

አዞሩት።

ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ኖሩ። እንጦጦን ዳግመኛ አልረገጡም። ለክብረ በዓል እትዬ አስካለ ከተማ ወርደው መንገድ ላይ ቢገናኙ እንኳ ጋሽ ይልማ ፊታቸውን ያዞሩባቸው ነበር፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ቂማቸውን እንደያዙ ሞቱ፤ ቂሙን ያስያዝኳቸው እኔ ነኝ።

ወጣት ነበርኩ፣ ዘመኑ ክፉ ነበር ብል ታምነኝ ይሆናል። ዘመኑስ ክፉ ነበር። ግን ዘመኑ አይደለም ዕቃውን የፈታው፤ ዘመኑ አይደለም ከመኪናው ሥር ተኝቶ ዝም ያለው። አንተንም ይቅር በለኝ አልልህም፤ ያንተ አይደለም። ይቅር የሚሉኝ እትዬ አስካለ ናቸው፣ እሳቸውም በሕይወት አሉ። ባለፈው እሑድ ቅዳሴ ሲያስቀድሱ ያዩዋቸው ሰዎች ነግረውኛል። ከቤቴ እስከ እንጦጦ ማርያም በእግር የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። እግሬ ደግሞ ደህና ነው።