ይሄ ሻማ የማነው?

ልጅ ሳለሁ፣ ዴንቨር አጠገብ ባለችው አውሮራ ከተማ፣ ቻምበርስ ሮድ ላይ በነበረው አፓርታማችን፣ ወግ የምንሰማው እሳት ሁሉ ከጠፋ በኋላ ነበር። እኛ ቤተ እስራኤል ነን። አያቴ አባባ ይርጋ፣ ጎንደር ሳሉ ብረት ቀጥቃጭ የነበሩት፣ አርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ስቶቩንም አምፖሉንም ያስጠፉናል፤ ሰንበት እሳት ባለበት ቤት አትገባም ባይ ናቸው። ያኔ ከፓርኪንጉ በመጋረጃ የሚሾልከው ብርሃን ጺማቸውን ብቻ ያሳየን ነበር፤ ቤቱን የሞላው ቀድሞ የተሠራው ወጥ ሽታ ነው።

የምንወደው አንዱን ወግ ነበር። አባባ ቤተሰቡን ይዘው ወደ ሱዳን በእግር ሲሰደዱ አርብ መሸባቸው። ጅብ እየጮኸ እሳታቸውን አጠፉ። ከወንዙ ማዶ ያደሩት መንገደኞች ግን አንድደው ነበር። ሽፍቶች ያን እሳት አይተው ሄዱና ፈጇቸው፤ እኛን ሳያዩ በአጠገባችን አለፉ። እኔ ሕፃን ነበርኩ፣ እናቴ ጀርባ ላይ ታዝዬ። «ጨለማው ነው ያተረፈሽ» ይሉኝ ነበር።

አራተኛ ክፍል ሳለሁ አንድ ዶክመንተሪ ሠሪ መጥቶ ይሄንኑ ወግ ሲያወሩ ቀረጻቸው፤ አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። ሲጨርሱ አይሁድ አርብ ሻማ ያበራልና እባክዎ አንድ ያብሩልኝ አለ። አባባ ሳቁ። «ንገሪው፣ እኛ ማጥፋት እንጂ ማብራት አልለመድንም።» ነገርኩት። በእሺታ ራሱን ነቀነቀ፤ የገባው መሰለኝ።

ፊልሙ ዴንቨር አዳራሽ ውስጥ ሲታይ አባባ ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው ፊት ተቀመጡ። ወጋቸው እሳቱን ያጠፉበት ቦታ ላይ ሲደርስ ስክሪኑ ላይ ሻማ በራ። እጁ የማናውቀው ሰው እጅ፣ ጠረጴዛው የማናውቀው ቤት ጠረጴዛ፣ ድምፁ ግን የሳቸው። «ይሄ ሻማ የማነው?» አሉኝ። ሰዉ ያጨበጭባል። ከዚያ ወዲያ ያን ወግ ስንለምናቸው «ባለ ሻማው ያውራላችሁ» እያሉ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር።

ካሜራ ያስያዘኝ ያ ንዴት ነው። አየር ማረፊያ የመንገደኛ ዊልቸር በመግፋት እየኖርኩ ፊልም መቁረጥና መቀጠል ተማርኩ። የሌላውን ሰው ታሪክ ስሠራ ኖሬ፣ አባባ ካረጁ በኋላ ሰንበት አይቀረጽምና አንድ ማክሰኞ ካሜራዬን ደቅኜ መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፈንኩና መብራት አጠፋሁ።

«ጠፋ?» አሉ።

«ጠፋ፣ አባባ።»

አወሩልኝ። ፊልሜ እዚያ ቦታ ላይ ጥቁር ነው፤ የሚሰማው ድምፃቸው ብቻ። ስፖንሰር ሊያደርገኝ የነበረው ሰውዬ «ባዶ ነው፣ ትንሽ ብርሃን አድርጊበት» አለኝ። ዓይነ ደረቅ! እንቢ አልኩ፣ ትቶኝ ሄደ። ዴንቨር፣ ካፒቶል ሂል ሰፈር፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሲታይ አንዱ ፈረንጅ ፕሮጀክተሩ የተበላሸ መስሎት መብራት ሊያበራ ተነሳ። «ተቀመጥ!» ብዬ በአማርኛ ጮህኩበት። ቁጭ አለ። አባባ በጨለማው ውስጥ ሲስቁ ሰማኋቸው።

ዛሬ አባባ የሉም። የኔን ፊልም ያየው ጥቂት ሰው ነው፤ ያ የሻማው ፊልም ግን ኢንተርኔት ላይ ተጭኖ ተማሪ ሁሉ ያየዋል። አርብ ሲመሽ ስቶቩንም አምፖሉንም አጠፋለሁ። ሌላውን ሁሉ በእንግሊዝኛ የምትመልስልኝ ልጄ ይቺን ብቻ በአማርኛ ትጠይቀኛለች።

«ጠፋ፣ ማሚ?»

«ጠፋ» እላታለሁ። ውሸቴን ነው። ያ የፊልሙ ሻማ እስካሁን እየነደደ ነው።