የአይብ ቀማሽ

በየዓመቱ ለፋሲካ ከመሐል ሜዳ ወደ ባለቤቴ እናት ቤት እንሄዳለን። እኔ ሙያ አላት የምባል ነኝ፤ እሳቸው ቤት ግን እጄን አጣጥፌ ከማየት ሌላ ሥራ የለኝም። ቅዳሜ ሹር አሬራውን ለስላሳ እሳት ላይ ይጥዱና አይቡ ተለይቶ እስኪንሳፈፍ ዓይናቸውን አይነቅሉም። አጓቱን አጥልለው አይቡን ለሁለት ይከፍሉታል፤ አንዱን በኮሰረት በተነጠረ ቅቤ፣ በጨውና በሚጥሚጣ ያሹታል፣ ሌላውን በማር። ይህን ሁሉ የሚሠሩት ከሐሙስ ጀምሮ እህል ውሃ ሳይቀምሱ ነው። ጣታቸውን እንኳ አይልሱም። እኔ ብሆን ሽታው ብቻ ይጥለኛል!

ታዲያ ጨውና ማሩ ልክ መሆኑ በምን ይታወቃል? በልጄ ፊት። ከቤቱ ሰው ለጾም ያልደረሰችው እሷ ብቻ ናት። በማንኪያ ጫፍ ያቀምሷትና ፊቷን ትክ ብለው ያዩታል። ከንፈሯን ከላሰች በቅቷል፤ እፍ እፍ ካለች ሚጥሚጣው በዝቷልና አይብ ይጨመራል። አንድም ዓመት ስተው አያውቁም። ምግብ ማመስገን የማይሆንላቸው ቄሱ ባለቤታቸው እንኳ ሳህኑን ጠርገው ይጨምሩልኝ ይላሉ።

ዘንድሮ ማንኪያውን ሲያስጠጉላት ልጄ አፏን ግጥም አድርጋ ዘጋች። ፊቷንም አዞረች።

"እኔም እጾማለሁ" አለች።

አማቴ ማንኪያውን አስቀመጡ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ጎንበስ ብለው ግንባሯን ሳሟት። ከዚያ ሁለቱን ሳህኖች አይተው ወደ እኔ ዞሩ።

"በይ እንግዲህ፣ ሌላ ውለጂልኝ።"