ፀሐይ ላይ የተሰጣ ባትሪ

ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ነበር። ያኔ ገርጂ ሜዳ የሚበዛበት ሰፈር ነው፤ አውሮፕላን ወደ ቦሌ ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ሣሩ አብሮት የሚሄድ ይመስለኝ ነበር። ግቢያችን ስገባ እናቴ ቆርቆሮ ላይ በርበሬ አስጥታለች። ከቀዩ መሐል አንድ ጥቁር ነገር አየሁና ጎንበስ አልኩ። የአጎቴ የቪዲዮ ካሜራ ባትሪ ነው።

«እማ፣ ይሄ እዚህ ምን ያደርጋል?»

«ደከመብኝ ሲል ሰምቼ ነዋ። ትንሽ ፀሐይ ይምታው ብዬ።»

አልፈረድኩባትም። በቤታችን የሬዲዮ ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ ዜናውንና አንድ ሁለት ዘፈን ያደርሳል። ሁላችንም እንደዚያ እያየን ነው ያደግነው። ይህኛው ግን እየተሞላ የሚሠራ የሊትየም ባትሪ ነው። ካሜራው የመጣ ጊዜ ከካርቶኑ የወጣውን መመሪያ ያነበብኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ሙቀት አታስነኩት፣ ቅርጹ ከተለወጠ አትሙሉት ይላል። ጎኑን በጣቴ ዳሰስኩት። ጥርሱን እንዳመመው ልጅ ጉንጭ ነፋ ብሏል።

አፌን ሳልከፍት አጎቴ ከቤት ወጥቶ ከእጄ ወሰደው። የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ከእኛ ጋር ይኖራል፣ ሰርግ ይቀርጻል። በማግስቱ የጎረቤታችን ልጅ ታገባለች፤ እሱም ለሙሽራዋ እናት ቃል ገብቷል። ሌላ ባትሪ የለውም።

ሳሎን ገብቶ ባትሪውን ቻርጀሩ ላይ አደረገና ሶፋው ጫፍ ላይ አስቀመጠው። እናቴም ቴሌቪዥኑንና ስልኩን እንደምታለብሰው አቧራ እንዳይነካው ዳንቴል አለበሰችው፤ ከዚያ እዚያው ሶፋ ላይ ጋደም አለች።

እኔ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። መጋረጃው በነፋስ ይሞላል፣ ይጎድላል። የቻርጀሩ ቀይ መብራት በዳንቴሉ ቀዳዳዎች ሾልካ ግድግዳው ላይ የተበተነች መሰለኝ። ሌላ አውሮፕላን አለፈ፤ ብርጭቆዎቹ ቁምሳጥን ውስጥ በስሱ ተንጫጩ። ቤቱ ሁሉ እንቅልፍ የያዘው ይመስል ነበር። መናገር እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ግን ክፍል ውስጥ መልሱን እያወቅኩ እጄን የማላወጣ ልጅ ነበርኩ። እዚያ ባልናገር ዜሮም አላገኝ። እዚህ ግን ከባትሪው አጠገብ ያለው የእናቴ ራስ ነው። እሳት ቢነሣ፣ ከሶፋው ስፖንጅ በላይ መጋረጃው አለ፣ ከመጋረጃው በላይ የችፑድ ኮርኒሱ።

ከዚያ ጣፋጭ ሽታ መጣ፤ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የመሰለ።

«ጋሼ፣ ብንነቅለውስ?»

«ለምን ሲባል?» አለ አጎቴ ካሜራውን እየወለወለ።

«አብጧል። በጣምም ሞቋል።»

«ይሙቅ እንጂ! ቀዝቅዞ የሚሞላ አይተሽ ታውቂያለሽ? ዩኒቨርሲቲ የላክንሽ ለባትሪ እንድታዝኚ ነው እንዴ?»

እናቴ ዓይኗን ሳትገልጥ ሳቀች። «ተዋት ባክህ። እሷ ድሮም ክብሪት ስትጭር ፊቷን አዙራ ነው።»

«ነገ የሰፈሩ ዓይን እኔ ላይ ነው፣» አለ አጎቴ። «ባዶ ካሜራ ተሸክሜ ልዙር?»

ተነሥቼ ቻርጀሩን ከሶኬት ነቀልኩት። ዳንቴሉን ስገልጠው ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። የከሰል መቆንጠጫውን ከጓዳ አመጣሁ፣ ባትሪውን አሮጌ መጥበሻ ላይ አኖርኩና አጥሩ ጥግ ወደተረፈው የግንባታ አሸዋ ሮጥኩ። አጎቴ ከኋላዬ ነው።

«ምን ነካሽ? አምጪ ወዲህ!»

«እንዳትነካው ጋሼ!»

እንዲህ ጮኼበት አላውቅም፤ ቆመ። መጥበሻውን አሸዋው ላይ ትቼ ሸሸሁ። ጥቂት ቆይቶ ባትሪው ፉጨት አሰማ፣ ነጭ ጭስ ተፋ፣ ከዚያ ነበልባል ጎኑን ቀዶ ወጣ። አጎቴ ቤተ ክርስቲያን ስለቱን ሊያስገባ የመጣ ሰው ይመስል እጆቹን አጣምሮ ያያል። ጭሱ ቀጥ ብሎ ወጣና በከሰዓቱ ብርሃን ውስጥ ቀስ ብሎ ጠፋ። እናቴ ዳንቴሉን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች።

«ጠዋት ፀሐይ ላይ ያወጣሁት እኔ ነኝ፣» አለች ዝግ ብላ።

«ማን ነገረሽና እማ። ሌላ ጊዜ ሲሞላ ሲሚንቶው ወለል ላይ ይሁን፤ ጨርቅ አይልበስ፤ ሰው ነቅቶ ይጠብቀው። በቃ፣ ይኸው ነው።»

አጎቴ ከእሳቱ ዓይኑን አልነቀለም። «ታዲያ ነገስ?»

«ካሜራው ያለ ባትሪ በቻርጀሩ ገመድ ከመብራት ይሠራል። ማራዘሚያ መዋስ ነው።»

«አንቺ ደግሞ! ሰርግ እኮ ነው። እኔ በካሜራው እያየሁ የኋሊት ስሄድ ገመዱን ማን ይይዛል? የሰው እግር አንዴ ከጎተተው አለቀልኝ።»

«እኔ እይዛለሁ» ስል የራሴ ድምፅ ከሩቅ የመጣ መሰለኝ።

በማግስቱ ጠዋት የተዋስነውን ማራዘሚያ ክንዴ ላይ ጠምጥሜ ጎረቤት ሄድኩ። አንዱን ጫፍ ሳሎናቸው ውስጥ ሰክቼ ሌላውን እየለቀቅኩ ከአጎቴ ኋላ ወደ ደጅ ወጣሁ። ሙሽራው ሲደርስ የሙሽራዋ እህቶች አናስገባም ብለው በሩን ዘጉ። ሚዜዎቹ ይገፋሉ፣ እነሱ ይገፋሉ፣ ገመዱ ከሁሉም እግር ሥር ነው። በጉልበቴ ተንበረከክኩና «ገመዱን! ገመዱን አትርገጡብኝ!» ብዬ ጮህኩ።

አንዱ ሚዜ የሚያብረቀርቅ ጫማውን አንሥቶ «እሺ እመቤቴ፣ ከአንቺ ካለፍንማ እነዚህ ቀላል ናቸው» ሲል በሩ ላይ ያለው ሁሉ ሳቀ፤ እህቶቹም ስቀው በሩን ለቀቁ። አጎቴ ካሜራውን ከዓይኑ ሳይነቅል የኋሊት ገባ። እኔም ገመዱን እየሰበሰብኩ ተከተልኩት።