የአባቴ ሰዓት የተገመተ ዕለት

ባለፈው ሰሞን ቢሮ አብሮኝ የሚሠራ አንድ ወጣት ከአያቱ ዕቃ መካከል ያገኘውን አሮጌ የእጅ ሰዓት ይዞ መጣ። ማሰሪያው ተበጣጥሷል፣ መስታወቱ ደብዝዟል፣ መሙያው ላይ እድፍ ጋግሯል። ጠረጴዛዬ ጫፍ ላይ አስቀመጠና በስልኩ ከላይም ከጎንም ፎቶ አንስቶ ኢንተርኔት ላይ ለጠፈው። ሻያችንን ጠጥተን ሳንጨርስ ከአዲስ አበባ አንድ ሰው ስንት ትላለህ ብሎ ጻፈለት። ልጁ በደስታ ሊበር ደረሰ። እኔ ደግሞ በማያገባኝ መግባት ልማዴ ነውና ክዳኑን ሳታስከፍት ዋጋ እንዳትቆርጥ አልኩት። ውስጡ ምን አለበትና ብሎ ሳቀብኝ። ልነግረው ጀምሬ ተውኩት፤ የሻይ ሰዓት የሚበቃው ወሬ አልነበረም።

ልጅ እያለሁ ቢቸና ውስጥ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነበረን፤ የምንኖረው እናቴና እኔ ብቻ ነን። እናቴ ዓለሚቱ በአንድ መሥሪያ ቤት ተላላኪ ነበረች። አባቴ የመንገድ ቀያሾች ረዳት ነበር፤ ሦስት ዓመት ሲሆነኝ ጅማ አካባቢ በሚሠራ መንገድ ሥራ አግኝቶ ዓባይን ተሻግሮ ሄደ። ሲሄድ የእጅ ሰዓቱን ለእናቴ ተወላት። የዚያ አገር አቧራና የመኪናው መንገጫገጭ ያበላሽብኛል፣ ስመለስ ትሰጪኛለሽ ብሏት ነበር። መጀመሪያ ደብዳቤ ይመጣ ነበር አሉ፤ ቆይቶ እሱም ቀረ። የአባቴን መልክ አላስታውሰውም። የማስታውሰው ሰዓቱን ነው።

ሰዓቱ ከአልጋችን እግርጌ ባለው ሳንዱቅ ውስጥ፣ በመሐረብ ተጠቅልሎ፣ ባዶ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ይቀመጥ ነበር። እናቴ ልብሶቿ መሀል አሪቲ ስለምታደርግ ቆርቆሮው ሲከፈት አሪቲ አሪቲ ይሸት ነበር። አባት ማለት ለእኔ ያ ሽታ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። የሰፈር ልጆች ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት ከተጣላን የሚወረውሩብኝ ነገር አያጡም፤ አባትሽ ጠፍቶ ቀርቷል ይሉኛል። መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ ሰዓቱ እኛ ቤት ነው፣ ሰው ሰዓቱን ጥሎ ይቀራል እንዴ እላቸዋለሁ። እኔም ነገሩ በዚህ ያለቀ ይመስለኝ ነበር።

ከትምህርት ቤት ስወጣ በቀጥታ ወደ ቤት አልሄድም። ከደጀን በኩል የሚመጣው አውቶቡስ የሚቆምበት ቦታ ሄጄ እቆማለሁ። የናፍጣው ጭስ፣ የተሳፋሪው ላብ፣ ሴቶቹ በሰፌድ ይዘው የሚያዞሩት ቅቅል ድንች፣ ሁሉም ተቀላቅሎ ይሸተኛል። የሚወርደውን ወንድ ሁሉ እጁን አያለሁ፤ ሰዓት ያላሰረ ከሆነ ልቤ ትንሽ ከፍ ይላል። የአውቶቡሱ ረዳት ለምዶኝ ስለነበር ጣራ ላይ ሆኖ ሻንጣ እያወረደ ዛሬም አልጫንነውም እያለ ያሾፍብኛል። ቤት ስገባ እናቴ ስንዴ እየለቀመች ወይ ልብስ እየጣፈች ትጠብቀኛለች። መቼ ነው የሚመጣው ስላት ቀና ሳትል ሥራው ሲያልቅ ይመጣል ትለኛለች። አንድም ቀን ሰልችቷት ተቆጥታኝ አታውቅም።

አሥራ አንድ ዓመት የሆነኝ ዓመት ክረምቱ ከፋ። የቤታችን ቆርቆሮ በስቶ አልጋችን ላይ ያንጠባጥብ ስለነበር ሦስት ቦታ ድስት ደቅነን ነው የምናድረው። መስከረም እንደጠባ በገበያ ቀን አንድ አሮጌ ሰዓት የሚገዛ ነጋዴ ቢቸና መጣና እናቴ የአባቴን ሰዓት አውጥታ አሳየችው። ሰውየው ገለባብጦ አየት አድርጎት የሞተ ዕቃ ነው፣ ለማሰሪያው ብዬ ነው የምወስድልሽ ብሎ ቀለደ፤ ትንሽ ዋጋም ጠራና ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሼ እመጣለሁ ብሎ ሄደ። እናቴ ግን ልጅ አይደለችም። ሰውየው በአፉ ያናንቀዋል እንጂ እጁ ሰዓቱን ለመልቀቅ ሲዘገይ አይታለች። ሞጣ ሰዓት የሚያውቅ ሰው ስላለ ወስደን እናስገምተው፣ ደኅና ካወጣ ሸጠን ቤቱን እናስጠግናለን አለችኝ። አባዬ ሲመጣስ ብዬ ጮህኩባት። ሌላ ይገዛል አለችኝና ወደ ጓዳ ገባች።

ያን ሳምንት ሙሉ ስጸልይ የነበረው ሰዓቱ የማይረባ ሆኖ እንዲገኝ ነበር። የማይረባ ከሆነ አይሸጥም፤ ካልተሸጠ አባቴ የሚመለስበት ነገር አለው። ጸሎቱ ብቻ አልበቃ አለኝና እናቴ ሥራ በሄደችበት ሰዓት ቆርቆሮውን ከፍቼ መስታወቱን በእግር መፈግፈጊያ ድንጋይ ፈገፈግሁት። ድምፁ ጥርስ ያንቀጫቅጭ ነበር። ቁጥሮቹ እስኪጠፉ ድረስ ፈግፍጌ በመሐረቡ መልሼ ጠቀለልኩት። ለምን እንዲህ ሆነ ከተባልኩ አይጥ ነው ልል ተዘጋጀሁ። አይጥ መስታወት እንደማትበላ የገባኝ ወደ ሞጣ ስንሄድ አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ነው፤ እናቴ ግን በጠዋት ስትጠቀልለው ብርሃን ላይ አንስታ አይታው ወደ እኔም አየችና ደረቷ ውስጥ ከተተችው። በደብረ ወርቅ በኩል አቧራ እየቃምን ሄደን ሞጣ ስንደርስ ፀሐይዋ ከፍ ብላ ነበር።

የሰዓት ሠሪው ሱቅ ገበያው አጠገብ፣ የጨርቅ ነጋዴዎቹ መደዳ መጨረሻ ላይ ነበር። ጠባብ ናት፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ሰዓቶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሰዓት ይናገራሉ፣ ቤቱም ቤንዚን ቤንዚን ይላል። ጋሼ እንድሪስ የሚባሉ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ ነበሩ። እናቴን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

«ምነው እቴ ዓለሚቱ፣ ጠፋሽሳ። ደኅና አይደለሽም እንዴ?»

እናቴ ደኅና ነኝ፣ ኑሮ ነው ብላ ወደ መሬት አየች። እኔ ግራ ገባኝ። እናቴ ድሮ በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ ጎረቤት ጥላኝ ለጊዮርጊስ ንግሥ ሞጣ እንደምትሄድ፣ ስትመለስም ከረሜላ እንደምታመጣልኝ አስታውሳለሁ። ከጥቂት ዓመት ወዲህ ጉልበቴን እያመመኝ ነው ብላ ቀርታለች። እዚህ ሱቅ ገብታ እንደምታውቅ ግን ነግራኝ አታውቅም።

ጋሼ እንድሪስ ሰዓቱን ሲፈቱት መጀመሪያ ያዩት መስታወቱን ነው። ይህን ደግሞ ማነው እንዲህ ያደረገው ሲሉ እናቴ ፈጠን ብላ ስትቀመጥ ነው የተበላሸችው አለቻቸው። እሳቸው ጥፍሬ ውስጥ የቀረውን ነጭ ዱቄት ያዩ ይመስለኛል። መስታወት ምንም አይደለም፣ ይቀየራል አሉ እኔኑ እያዩ። ያን ሁሉ ድካሜን በአንድ ቃል ገደል ከተቱት። ከዚያ መሙያውን በሁለት ጣታቸው ቀስ አድርገው አዞሩና ጆሯቸው ላይ ደገኑት፤ ሁለት ሦስቴ ቀጭ ቀጭ ብሎ ዝም አለ። አንድ ዓይናቸው ላይ ጥቁር ማጉያ አድርገው ክዳኑን በቀጭን ስለት ፈልቅቀው ከፈቱት። ብርሃን ላይ እያዘነበሉ አዩት። እኔ በሆዴ ዝገት፣ ዝገት ይሁን እያልኩ ነበር።

ዘይቷ ደርቋል እንጂ ጥርሶቿ አልተበሉም አሉ በመጨረሻ። ውኃ አልገባባትም፣ የማያውቅ እጅም አልነካካትም፤ ነጋዴው የጠራው ዋጋ ስድብ ነው፣ ቢያንስ እጥፉን ታወጣለች አሉ። ከዚያ በሥራቸው የሚኮሩ ሰው ናቸውና ነይ አንቺ ልጅ ብለው ጠሩኝ፤ ማጉያውን ዓይኔ ላይ አድርገው የክዳኑን ውስጥ አሳዩኝ። ብረቱ ላይ በመርፌ የተጫሩ ትንንሽ መስመሮች ነበሩ፤ ከእያንዳንዱ አጠገብ የእሳቸው ስም መጀመሪያ ፊደል አለ።

«ሰዓት ባጸዳሁ ቁጥር ምልክት አደርግባታለሁ። ይኸው ቁጠሪያቸው፤ አምስት ናቸው። እናትሽ በየዓመቱ ሳታዛንፍ አምጥታታለች። የሚገዛት ሰው ይህን ሲያይ ባለቤት የነበራት ሰዓት መሆኗን ያውቃል፤ ዋጋዋ እዚህ ላይ ነው።»

ቆጠርኳቸው። አባቴ ሲሄድ ሦስት ዓመቴ ነበር። የመጀመሪያው በአራት ዓመቴ፣ አምስተኛው በስምንት ዓመቴ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ብረቱ ንጹሕ ነው። በጣቴ ደግሜ ቆጠርኩ፤ ሂሳቡ ያው ነው። ድሮ ሳንዱቁ ላይ ጆሮዬን ስለጥፍ ሰዓቱ ሲሄድ ይሰማኝ እንደነበር ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። መቼ እንደቆመ ግን ልብ ብዬ አላውቅም።

ወዲያው አዛን ተሰማ። ጋሼ እንድሪስ ሰግጄ እስክመለስ ተማከሩ፣ የምትሸጡ ከሆነ ደኅና ገዥ እኔው አፈላልግላችኋለሁ ብለው ጫማቸውን አጥልቀው ወጡ። ሰዓቱ ጠረጴዛው ላይ ሆዱ እንደተከፈተ ቀረ። እኔና እናቴ አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠናል። ለምን ማምጣት ተውሽ አልኳት። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች።

«አባትሽ ደኅና ነው፤ አልሞተም፣ አልታመመም። አብሮት ይሠራ የነበረ ሰው መጥቶ ነግሮኛል። እዚያው ቤት ሠርቷል፣ ልጆችም አሉት። ከዚያ ወዲያ ለማን ብዬ ላስጸዳው?»

ያለቀስኩ አይመስለኝም። ያደረብኝ ስሜት ብቸኝነት ነበር፤ ስሙን ያን ጊዜ ባላውቀውም አሁን አውቀዋለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ አውቶቡሱ ጋ የቆምኩት ብቻዬን ኖሯል። በአንድ አልጋ እየተኛን፣ ከአንድ ትሪ እየበላን፣ እኔ የምጠብቀውን እሷ አትጠብቅም ነበር። ተናደድኩባት። ንዴቴ ግን ብዙ አልቆየም፤ በየማታው ስጠይቃት፣ ያን እያወቀች፣ ሳትሰለች ይመጣል ትለኝ የነበረችው ሴት አሳዘነችኝ። ከዚህ ውሸት ላሳርፋት ፈለግሁ። በአሥራ አንድ ዓመቴ እንደ ትልቅ ሰው የወሰንኩት የመጀመሪያ ነገር እሱ ነው።

ጋሼ እንድሪስ ተመልሰው እህ፣ ምን ወሰናችሁ ሲሉ እናቴ የተከፈተውን ሰዓት አየች።

«ይሸጥ» አልኩ እኔ።

ሽማግሌው ወደ እናቴ ዞሩ። እናቴ ወደ እኔ አየች። ከዚያ «እሺ፣ እሷ ካለች ይሸጥ» አለች በቀጭን ድምፅ። እኔ ያ ድምፅ የመገላገል መሰለኝ። እንዲያውም ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ በራሴ ኮርቼ ነበር፤ እናቴ እስከ ቢቸና ድረስ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና መስኮት መስኮቱን ስታይ አቧራው አስቸግሯት ነው ብያለሁ።

ሰዓቱ ተሸጠ፣ ቆርቆሮው ተቀየረ፣ አልጋችን ላይ መንጠባጠቡ ቆመ። እኔም አውቶቡሱ ጋ መሄድ ተውኩ። ከትምህርት ቤት በቀጥታ ቤት እገባለሁ፤ እናቴ ስንዴዋን ትለቅማለች፣ እኔ ደብተሬን እዘረጋለሁ። የምጠይቃት ነገር የለኝም፣ የምትመልስልኝም የላትም። ቤታችን እንዴት ዝም ያለ ቤት ሆነ መሰላችሁ። ከዚያን ቀን በኋላ የአባቴ ስም በመሀላችን ተነሥቶ አያውቅም።

ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ ተምሬ ሥራ ይዤ ደብረ ማርቆስ ከገባሁ በኋላ፣ ለፋሲካ ቢቸና ሄጄ በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቅን ምስር ስንለቅም ድንገት ጠየቅኋት። እያወቅሽ ሦስት ዓመት እንዴት ቻልሽው፣ ስለ እኔ ብለሽ ስትዋሺ አልከበደሽም አልኳት። እናቴ ከምስሩ ውስጥ ጠጠር አውጥታ ጣለች።

«ስለ አንቺ ብቻ መሰለሽ እንዴ? አንቺ መቼ ይመጣል ስትዪኝ እኔም የምጠብቀው ይመስለኝ ነበር።»

እኔም ምስሩ ላይ አቀረቀርኩ። ያሳረፍኳት መስሎኝ የኖርኩት ይህችን ሴት ነው።

እናቴ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆናት። እኔ የምኖረው ብቻዬን ነው። ዛሬ ሰው ትንሽ ሲዘገይ ይደወልለታል፤ የእሱ ስልክ ዝግ ከሆነ አብሮት ላለው ይደወላል፣ ያለበት ወዲያው ይታወቃል። እንደ እኔ ስንት ዓመት መንገድ ዳር የሚቆም ልጅ ዛሬ የለም፣ እሰይ አለመኖሩ። ማታ ቤቴ ገብቼ በሩን ስዘጋ ግን መቼ ይመጣል ብዬ የምጠይቀው፣ ይመጣል የሚለኝም ሰው ስለሌለ፣ ያቺ የሞጣ ሱቅ ትዝ ትለኛለች። ምነው ያን ቀን አፌን ይዤ ዝም ባልኩ እላለሁ። እንደማይመጣ ሁለታችንም እያወቅን፣ አንድ ሁለት ዓመት አብረን በጠበቅነው ነበር።