ጭስ የጠጣው ዘር

ልጅ ሳለሁ፣ ሐይቅ ከተማ ዳር ባለው ቤታችን፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ኩራዙ ሲለኮስ እኔና ወንድሜ አህመድ የምንጣላው በራት አልነበረም፤ አያቴ ጉልበት ስር ማን ይቀመጥ በሚለው ነበር። እማማ ከድጃ የእናቴ እናት ናት። አምባሰል ላይ ብቻዋን እየኖረች፣ ወንድ የምታስንቅ ገበሬ እየተባለች የሚወራላት ሴት ነበረች፤ ወድቃ ዳሌዋን ከተጎዳች በኋላ ግን እናቴ ሄዳ እኛ ዘንድ አመጣቻት። ይዛ የመጣችው አንድ የልብስ ጓዝና ሁለት እቅፍ የማሽላ ዛላ ነው። ዛላውን «ከእሳቱ በላይ ስቀሉልኝ» አለች፤ አባቴም ደስ ይበላት ብሎ ከምድጃው በላይ ማገሩ ላይ ሰቀለላት። ለምን እንደሆነ ማንም አልጠየቃትም። ጓዟን ደግሞ እሷ አልፈታችውም።

እናቴ አያቴን የምትወድበት መንገድ ያኔ ትክክል ይመስለኝ ነበር። አያቴ መጥረጊያ ስታነሳ ትቀማታለች፤ ምስር ልልቀም ስትል ሰፌዱን ከፊቷ ታነሳለች። «ተይው እማ፣ አንቺ አረፍ በይ!» በቀን ስንት ጊዜ እንደምትላት ቆጥሬ አልዘልቀውም። አረፍ በይ የተባለችው ሴት በሩ ስር ቁጭ ብላ፣ ምርኩዟን ጉልበቷ ላይ አጋድማ፣ መኪና እንደሚጠብቅ መንገደኛ ውጭ ውጭውን ታያለች። ምግብ ሲቀርብላት ሁለት ጉርሻ ቀምሳ «አልሐምዱሊላህ፣ ጠገብሁ» ትላለች። ከሳች። አንድ ቀን እናቴን ጓዳ ስታለቅስ አገኘኋትና ምን ሆንሽ ብላት «ምንም አላጎደልሁባት፤ ለምን ከእጄ ላይ እንደምታልቅ አላውቅም» አለችኝ።

ያልተቀማችው ነገር ቢኖር ተረቷና እንቆቅልሿ ነበር። ፍሙ እየደበዘዘ፣ የኩራዙ ጭስ ዓይናችንን እየቆጠቆጠን፣ ጅብና አህያ ተያይዘው ገበያ የወጡበትን ተረት ስታወራ ብቻ ድምጿ የድሮው ይሆን ነበር። እንቆቅልሿን መመለስ ሲያቅተን ደግሞ እንደ ወጉ «አገር ስጡኝ» ትለናለች። የተሸነፈ አገር ይሰጣል፤ ጠያቂው አገሩን ከወደደው መልሱን ይናገራል። ደሴን ስንሰጣት እምቢ፣ ጅዳን ስንሰጣት እምቢ፤ አህመድ በለጋስነቱ አዲስ አበባን ከነመኪናዎቿ ቢሰጣትም እምቢ። አምባሰልን ስንሰጣት ብቻ ፈገግ ብላ ትቀበለን ነበር።

ዓመቱ ሲዞር የበልጉ ዝናብ ጣለ። ጎረቤቱ ሁሉ ሊዘራ ሲጣደፍ አባቴ ለዘር ያስቀመጠውን ማሽላ ቢያየው ነቀዝ ዱቄት አድርጎታል። ከገበያ ገዝቶ የዘራውም አንድ እንኳ አልበቀለለትም። ዝናቡ በከንቱ ሲያልፍበት ደጅ ቆሞ ያያል፤ ዘንድሮ ምን እንደምንበላ የሚያውቅ አልነበረም። አያቴ ሁሉን ትሰማለች፤ ግን አማትና አማች ናቸው። በእኛ አገር አማት ለልጇ ባል ፊት ለፊት «እንዲህ አድርግ» አትልም፤ እሱም ከፊቷ ቀና ብሎ አያወራም። ሁለቱ ሲተፋፈሩ ዓመት ሙሉ ከሰላምታ አላለፉም።

አንድ ምሽት አባቴ ከመጋረጃው ወዲያ አገጩን በእጁ ይዞ ተቀምጧል። አያቴ ወደ እኛ ዞራ፣ አጠገቧ ላለን ልጆች ከሚያስፈልገው በላይ ጮክ ብላ፣ «እንቆቅልሻችሁ!» አለች።

«ምን አውቅልሽ!»

«ጭስ ጠጥቶ ይተኛል፣ ዝናብ ጠጥቶ ይነሳል።»

አህመድ ጅብ አለ፤ እሱ ለሁሉም ጅብ ነው የሚለው። እኔ ንብ አልሁ።

«አላወቃችሁም፤ አገር ስጡኝ!»

«አምባሰል!» አልናት፣ ቶሎ እንድትነግረን።

«እምቢ። ዛሬ አምባሰል አይበቃኝም።»

ያኔ መጋረጃው ተገለጠ። አባቴ ቆሟል፤ የሚያየው ግን እኛን አልነበረም፤ ማገሩን ነበር። ያ የአምባሰል ዛላ ዓመት ሙሉ የምድጃችንን ጭስ ሲጠጣ ከርሞ፣ ጥቀርሻ ለብሶ ተንጠልጥሏል። ጭስ የጠጣ እህል ነቀዝ አይደፍረውም።

«እማማ» አለ አባቴ፣ «አንቱ ይንገሩኝ። መቼ እንዝራው?»

አያቴ ሻሿን አስተካከለች። ከዚያ ምርኩዟን ይዛ ተነሳች። እናቴ ልትደግፋት ስትል አባቴ በዓይኑ ከለከላት።

«ነገ ከሱብሂ ሶላት በኋላ፣ ኢንሻ አላህ» አለች። «ዘሩን የምመርጠው ግን እኔ ነኝ።»

በማግስቱ ማሳው ጫፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ ዛላውን በመዳፏ እያሸች፣ «ሰይድ፣ አታጥልቀው! ሰይድ፣ አታብዛው!» እያለች አባቴን እንደ ምንደኛ ታዘው ጀመር። የዓመት ዝምታዋን በአንድ ጠዋት ጨረሰችው። የመጀመሪያውን እፍኝ ዱዓ አድርጋ ራሷ በተነችው። ከቀናት በኋላ አህመድ «በቅሏል! በቅሏል!» እያለ ከማሳው ሲሮጥ መጣ፤ እናቴ እልልታዋን ለቀቀችው። ያን ዕለት አያቴ የቀረበላትን ጨርሳ «ጨምሩልኝ» አለች። እናቴ እንደገና ጓዳ ገብታ አለቀሰች፤ ይሄኛው ለቅሶ ግን ሌላ ነበር።

አጨዳው ሲደርስ ማሽላው ከአባቴ ቁመት በልጦ ነበር። ከአርዲቦ ድረስ ገበሬዎች ዘር ሊለምኑ፣ የትኛው ዛላ እንደሚመረጥ ሊጠይቋት መጡ። ጓዟም ተፈታ፤ ቀሚሶቿ ግድግዳችን ላይ ተሰቀሉ። በአንዱ ምሽት እንቆቅልሽ አቃተንና ገና ሳትጠይቀን «አምባሰል!» ብለን ጮህን። ራሷን ነቀነቀች።

«አምባሰልማ የራሴ ነው። ሐይቅን ስጡኝ።»

«ሰጥተናል!» ብሎ ከመጋረጃው ወዲያ የጮኸው አባቴ ነበር።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረች፤ ጠግባ፣ እየሳቀች፣ እየተቆጣችን። እኔ አድጌ ጅዳ ሰው ቤት ስሠራ ስሜን እንኳ ሳይጠይቁ ሊያሳንሱኝ የሞከሩ ነበሩ። የእማማ ከድጃ የልጅ ልጅ ነኝ እያልሁ ቀና ብዬ ኖሬ ቀና ብዬ ተመለስሁ። ሰውን በእርጅናው የሚያቆመው መጦሩ ብቻ እንዳልሆነ፣ መጠየቁም እንደሆነ ያኔ ምድጃው ዳር አይቼዋለሁ። ማየትና ማስታወስ ግን ለየቅል ናቸው።

ባለፈው ሳምንት እናቴ፣ አሁን እሷም ምርኩዝ ይዛለች፣ ከምድጃው በላይ የተሰቀለውን ዛላ ልታወርድ ተንጠራራች። «ተይው እማ፣ አንቺ አረፍ...» ብዬ ቃሉን ከአፌ መለስሁት።

«እማ፣ ለዘንድሮ ዘር የትኛው ይሻላል?» አልኋት።

ዛላውን በመዳፏ እያሸች ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝና እንደ ልጅ ሳቀች።

«አላወቅሽውም? እንግዲያ አገር ስጪኝ!»