ሞተሯ የት ነው የምታድረው?

ቁጡ ነኝ፤ አልክድም። እናቴ «አንተ ልጅ፣ ምላስህ ካንተ ቀድማ ትደርሳለች» ትለኝ ነበር። ስለዚህ ቤት መቀየሬን ላስታውቅ ሄጄ፣ የኢንሹራንስ ሠራተኛዋ የሞተሬ ክፍያ ሊጨምር እንደሚችል ስትነግረኝ ምን እንደሆንኩ መገመት አያስቸግርም።

ፍሪጅ ጠጋኝ ነኝ። ዕቃዬን ተሸክሜ በታክሲ ስንከራተት ኖሬ፣ አርባን ካለፍኩ በኋላ ነው መንጃ ፈቃድ አውጥቼ ሞተር የገዛሁት። ያለኝ ጥሪት እሷው ናት። ብትሰረቅ ተመልሼ እግረኛ ነኝ፤ ሙሉ ኢንሹራንስ የገባሁላትም ለዚሁ ነው።

«ሞተሯ የት ነው የምታድረው?» አለች ልጅቷ ፎርሙን እያየች።

በፊት ሽሮ ሜዳ፣ የብረት በር ያለው ግቢ ውስጥ ነበር የምንኖረው። አከራያችን ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው፤ እኛ ከኋላ ያለችው ሰርቪስ ቤት ውስጥ ነበርን። ሁለተኛ ልጅ ሲመጣ ጠበበችንና ቀጨኔ ሁለት ክፍል ተከራየን። የአዲሱ ቤት መግቢያ ግን ደረጃ ነው፤ ሞተር አያስገባም። ቁልቁለቱ ላይ ከመብራት ምሰሶ ጋር በሰንሰለት አስሬ ነበር የማሳድራት።

«ቀጨኔ፣ ውጭ» አልኳት።

ኮምፒውተሯን ነካ ነካ አደረገችና «ይጨምራል ጋሼ» አለች።

«ቀጨኔ ስላልኩ ነው?» ቱግ አልኩ። «የቀጨኔ ሰው ሌባ ነው ያለሽ ማነው?»

«ሰፈሩ አይደለም ጋሼ። አንደኛ፣ መንጃ ፈቃድዎ ገና አዲስ ነው። ሁለተኛ፣ ያለ አጥር ውጭ ታድራለች። ግቢ የምታድር ከሆነ በድሮው ይቀጥላል፤ ይህን ወረቀት የግቢውን ባለቤት አስፈርመው ቢያመጡ ይበቃል።»

አፈርኩ። ልጅቷ ምን አጠፋች? ማፈሬ ግን ተንኮል ከማሰብ አላገደኝም። በቀጥታ ወደ ድሮዋ አከራዬ ሄጄ «እማማ፣ ሞተሬ አሁንም እርስዎ ግቢ ታድራለች ብለው ይፈርሙልኝ። ለወጉ ያህል ነው፤ ማንም አያጣራም» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ሁለቴ አነበቡት። «ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል። ሐሰት አልፈርምም» አሉኝ። ተስፋ ቆርጬ ልነሳ ስል «እውነት አምጥተህ ካሳደርካት ግን እፈርማለሁ። መቼም እሷ ራት አትጠይቀኝም» ብለው ሳቁ። ፈረሙም፤ ወረቀቱን ለልጅቷ ወስጄ ሰጠኋት።

ከዚያ ወዲያ ሁልጊዜ ወደ ማምሻው ሞተሯን እሳቸው ዘንድ አስገብቼ በእግሬ ቀጨኔ እወርዳለሁ፤ ጠዋት ዳገቱን እወጣለሁ። ሁልጊዜም እስክመጣ ይጠብቁኝና ስወጣ መቀርቀሪያውን ከኋላዬ ይወረውራሉ። ሚስቴ «ሞተር የገዛኸው በእግር ላለመሄድ አልነበረም?» እያለች ትስቅብኛለች። እኔ ግን በልቤ ኢንሹራንሱን የበለጥኩት መስሎኝ ነበር።

ክረምት ሲገባ አንድ ቀን ዝናቡ እስከ አጥንቴ አራሰኝ። ሽሮ ሜዳ ወጥቶ በእግር መመለሱን ሳስበው አስጠላኝ። ለአንድ ቀን ምን ትሆናለች ብዬ ሞተሯን ምሰሶው ላይ አሰርኳትና ገባሁ። ለእማማ መደወሉ እንኳ ትዝ አላለኝም።

ጠዋት ሞተሯ እንዳሰርኳት አለች። ማንም አልነካትም። እስቲ ይቅርታ ልጠይቃቸው ብዬ ሽሮ ሜዳ ስደርስ የብረት በሩ ገርበብ ብሎ አገኘሁት። ደነገጥኩ። ሮጬ ስገባ በረንዳው ላይ ጋቢ ተከናንበው ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው ቀልቷል።

«ደህና ነህ?» አሉኝ አስቀድመው። «ወድቆ ይሆን ብዬ ፈራሁ።»

«ደህና ነኝ እማማ። በሩ ለምን ተከፍቶ አደረ?»

«ብትመጣና ተዘግቶብህ፣ በዝናቡ ስታንኳኳ ሳልሰማህ ይዘሃት ብትመለስስ? ፈርሜያለሁ እኮ።»

በዚያ ዕድሜያቸው፣ ብቻቸውን፣ ሌሊቱን ሙሉ በር ከፍተው። እኔ ለወጉ ያህል ነው ባልኩት ፊርማ። አንጀቴን በሉት። «ይግቡና ጋደም ይበሉ» ብቻ አልኳቸው። መቀርቀሪያውን ሲወረውሩ እስክሰማ ውጭ ቆምኩ፤ ከዚያ ወደ ኢንሹራንሱ ነዳሁ።

ልጅቷ ስታየኝ ወንበሯን ሸሸት አደረገች።

«ያንን ወረቀት መልሺልኝ» አልኳት። «ከዛሬ ጀምሮ የምታድረው ቀጨኔ ነው፤ ውጭ።»

«ይጨምራል እኮ ጋሼ።»

«ይጨምር።»