እጀታ የሌለው በር

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። እኔ ግን ያን ዓመት መስከረምን መጠበቅ አላስፈለገኝም፤ በየሳምንቱ ማክሰኞና ሐሙስ ግሌንዴል ድረስ እየነዳሁ ሄጄ ጉዱን በዓይኔ አየው ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በምሳ ነው። የምሠራው እዚህ አሜሪካ፣ ፌርፋክስ የሚባለው መንገድ ላይ ካሉት የአበሻ ምግብ ቤቶች በአንዱ ሲሆን ጠዋት ሽንኩርት እከትፋለሁ፣ ከዚያ የታዘዘ ምግብ በመኪና አደርሳለሁ። ከደንበኞቻችን አንዱ ግሌንዴል ያለ፣ ለሀብታሞች መርከብ የሚነድፍ ቢሮ ነበር። ያት ይሉታል። እኔ ያት ሲባል የማውቀው ማሪና ዴል ሬይ ወደብ ላይ ተደርድረው የሚታዩትን ነጫጭ ጀልባዎች ነው። እነዚህ የሚነድፉት ግን ሌላ ነው። ሱሪ በሰው ልክ እንደሚሰፋ ሁሉ ለአንድ ሰው ተብሎ፣ በዚያ ሰው ልክ የሚሠራ ባለ አምስት ፎቅ ተንሳፋፊ ቤት ነው።

መጀመሪያ ቀን ምግቡን ይዤ መጋዘናቸው ስገባ አፌን ይዤ ቀረሁ። የመርከቡን ግማሽ በስስ ጣውላና በካርቶን፣ በእውነተኛ መጠኑ ሠርተው አቁመውታል። ደረጃው አለ፣ መኝታ ቤቱ አለ፣ ባሕሩ ብቻ ነው የቀረው። የባለመርከቡ ሚስት ከነጫማዋ የካርቶን ገንዳ ውስጥ ተጋድማ «ስታጠብ የሚታየኝ ባሕሩ ነው ወይስ የበረንዳው አጥር?» እያለች ትጠይቃለች። ፊት ለፊቷ ሁለት ጎልማሶች ረጅም ሰማያዊ ጨርቅ ወጥረው ባሕር ሆነዋል። «ትንሽ ዝቅ» ስትላቸው ባሕሩ ዝቅ ይላል። እኔ ሽሮዬን ይዤ ቆሜያለሁ። ሰው ሳይሰክር እንዲህ ያደርጋል?

ዋና ነዳፊዋ ሃምሳ ዓመት የሚሆናት ቀጭን ሴት ናት። ምግቡን ሳቀርብ ስታየኝ ቆየችና ጠራችኝ። «በሃያ ሰው መሀል አለፍሽ፣ አንድም ሰው ዞር ብሎ አላየሽም። የት ተማርሽው?» አለችኝ። ማመስገኗ ነው። «አረብ አገር ስድስት ዓመት ሰው ቤት ሠርቻለሁ» አልኳት። ፊቷ በራ። በሳምንት ሁለት ቀን እየመጣሁ፣ አስተናጋጅ ሆኜ የካርቶኑን መርከብ እንድሞክርላት ጠየቀችኝ። የሠራተኞቹን ክፍል የሚነድፉት ሰዎች አንዳቸውም ሰው ቤት ሠርተው አያውቁም፤ ይህን ራሷ ነገረችኝ።

በማግስቱ ለጓደኛዬ አወራኋት። አብራኝ የምትከትፍ ናት፤ እሷም እንደኔ አረብ አገር ሰው ቤት ሠርታ ኋላ ዲቪ የደረሳት። ፌርፋክስ ላይ እንደሷ ደፋር የለም። የፓርኪንግ ቅጣት የሚጽፈውን ሰውዬ መንገድ ላይ ተሟግታ በባዶ እጁ የመለሰች ሴት ናት።

«ሶ ምንድነው ጆብሽ?» አለችኝ።

«ትሪ ይዤ መመላለስ።»

«የካርቶን ጀልባ ላይ?»

«አዎ።»

«ትሪውስ? እሱም ካርቶን ነው?»

ቢላዋዋን አስቀምጣ እስኪያስለቅሳት ሳቀች። ሽንኩርቱ ነው እንዳልል ገና አልተላጠም ነበር።

ግን ስገባበት ቀልድ አልነበረም። አንድ መስመር ከመሳላቸው በፊት ነዳፊዋ ባለመርከቡ ቤት ሦስት ቀን ተቀምጣ ቁርስ ሲበላ፣ ጋዜጣ ሲያነብ፣ ጫማውን የት እንደሚያወልቅ ስታይ ከርማለች። የሚቀመጥበት ወንበር ስንት ጊዜ ተሠርቶ ስንት ጊዜ እንደተጣለ እኔ ራሴ ቆጥሬ ደከመኝ። እሷ ውበቱን ታስባለች፤ ከሷ ጋር የሚሠሩት ሽማግሌ የመርከብ መሐንዲስ ደግሞ ክብደቱን። እሷ «እብነ በረድ» ስትል እሳቸው «ይሰምጣል» ይላሉ። ግማሽ ቀን ይጨቃጨቁና እንደ ብስኩት የሳሳ እብነ በረድ በቀላል ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ይመጣል፤ ሁለቱም ያሸንፋሉ። የአንድ ደረጃ ከፍታ ላይ ሲሟገቱ ሰምቼ፣ የእኛ ሰፈር ሰዎች ሙሉ ቤት ሲሠሩ እንኳ ይህን ያህል አልተነጋገሩም ብያለሁ። መሐንዲሱን በልቤ ጋሼ እላቸው ነበር። ከሁሉም ቀድመው እንደምን አደርሽ የሚሉኝ እሳቸው ናቸው።

ባለመርከቡ ቪዥን አለው ይሉ ነበር። ይህንንም ለጓደኛዬ ነገርኳት፤ ጴንጤ ናት።

«እኛ ቸርች ቪዥን ያየ ሰው ጾም ጸሎት ይይዛል» አለችኝ። «የእናንተው ሰውዬስ?»

«ወንበር እየመረጠ ነው።»

ቪዥኑ ምን እንደሆነ የገባኝ በሦስተኛው ሳምንት ነው። ሰውየው የሚፈልገው ሠራተኛ የማይታይበት መርከብ ነው። የጠጣበት ብርጭቆ ሲዞር እንዲጠፋለት፣ አልጋው ማንም ሳይነካው እንዲነጠፍለት ይፈልጋል። ለዚህ ሲባል ከግድግዳው ጀርባ ሠራተኛ ብቻ የሚሄድበት ጠባብ ኮሪደር ተነድፏል። ወደ ሳሎን የሚያስወጣው በር ከእንግዳው በኩል እጀታ የለውም፤ ግድግዳ ነው የሚመስለው። ከሠራተኛው በኩል በሩ ላይ ትንሽ መብራት አለች። ሳሎን ውስጥ ሰው ካለ ቀይ፣ ከሌለ አረንጓዴ። አረንጓዴ ሲበራ ገፋ አድርጎ መውጣት፣ ቀይ ሲሆን መቆም።

ሲያሳዩኝ ደነገጥኩ። መንገድ ላይ መኪና የሚያቆም መብራት አውቃለሁ፤ በቤት ውስጥ ሰው የሚያቆም መብራት ግን ሰምቼም አላውቅ። ፊቴ ላይ ምን እንዳዩ እንጃ፣ መሐንዲሱ «ሳይቸግር» ዓይነት ነገር በራሳቸው ቋንቋ አጉረመረሙ። ነዳፊዋ «እስቲ እንሞክረው፤ ሙከራው ይፈርዳል» አለች። ሙከራው ማለት እኔ ነኝ። እኔ ጥሩ ነው ካልኩ መብራቷ መርከቡ ላይ ትገጠማለች፤ ከዚያ በር ጀርባ ደግሞ ለአስተናጋጅነት የሚቀጠሩት ስምንት ሴቶች በየቀኑ ሊቆሙ ነው።

ጠዋቱን በሙሉ ሞከርን። ነዳፊዋ ሳሎን ሆና በእጇ መብራቷን ትቀይራለች፤ እኔ ስድስት ብርጭቆ የተደረደረበት ትሪ ይዤ እቆማለሁ፣ እወጣለሁ፣ እመለሳለሁ። አሥር ጊዜ ያህል በሩን ገፍቼ ወጥቻለሁ። ከዚያ ቀይ አደረገችው፤ ቆምኩ። ስልኳ ሲጮህ ሰማሁ፤ እያወራች ራቀች። ትንሽ ቆይቶ ምሳ ደረሰ ተባለና ሁሉም ወደ ጓሮ ወጡ። ያ ምሳ ጠዋት እኔ ራሴ ከፌርፋክስ ጭኜ ያመጣሁት ነው። ሲስቁ ይሰማኛል። የምስር ወጡ ይሸተኛል። መብራቷ ቀይ ናት።

ቆምኩ። ክንዴ ሲዝል ትሪውን ወደ ሌላው እጄ አዛወርኩ፤ ብርጭቆዎቹ እንዳይንኳኩ ትንፋሼን ያዝኩ። ለማን ብዬ እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆየሁ። ምንም አላሰብኩም። አልተናደድኩም፣ አላዘንኩም፣ አልሰለቸኝም። አረብ አገር የነበረችው እመቤቴ እንግዳ ሲመጣ ከማድ ቤት እንዳልወጣ ስትነግረኝ እንዲሁ እሆን ነበር። እንደ ዕቃ እሆናለሁ። ያ ነገር ከኔ የወጣ መስሎኝ ነበር። አሜሪካ ከገባሁ ስንት ዓመቴ! ልጅ ወልጃለሁ፣ ዜግነት ወስጃለሁ፣ ስብሰባ ላይ ተነሥቼ ተናግሬያለሁ።

ያገኙኝ መሐንዲሱ ናቸው። መነጽራቸውን ረስተው ሲመለሱ በኮሪደሩ በኩል መጡና እንደ ሐውልት ተገትሬ አዩኝ።

«እዚህ ምን ታደርጊያለሽ?»

«መብራቱ ቀይ ነው» አልኳቸው።

መብራቷን አዩ፤ እኔን አዩ። ትሪውን ቀስ ብለው ከእጄ ወሰዱ። ከዚያ በአንድ ጣታቸው በሩን ገፋ አደረጉት። ተከፈተ። ሳሎኑ ባዶ ነው። ያን ጊዜ ክው አልኩ፤ እዚያው የካርቶኑ ወለል ላይ ተቀመጥኩ። በሩ እንደማይቆለፍ አውቅ ነበር እኮ!

ነዳፊዋ እየሮጠች መጣች፤ ቀልታለች። አሥር ጊዜ ይቅርታ ጠየቀችኝ። ከዚያ ሥራ ሥራ ነውና ደብተሯን አውጥታ «በጠቅላላው ግን መብራቱ እንዴት ነው?» አለችኝ። አሁንም ሳስበው ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል። ሴትዮዋ ይቅርታ ስትጠይቀኝ ተሳቀቀች፤ እኔ ደግሞ ተሳቅቃ ማየት አልቻልኩም። ይሉኝታ ያዘኝ። «ጥሩ ነው» አልኳት። ጻፈችው። ሞካሪዋ ጥሩ ነው ብላለች ብላ ጻፈች፤ ዓይኔ እያየ። መሐንዲሱ ስወጣ መኪናዬ ድረስ ሸኙኝና «በሚቀጥለው ሳምንት ባለመርከቡ ይመጣል። የሆነውን ራስሽ ንገሪው፤ እኔ ብነግረው አይሰማም» አሉኝ።

ሳምንቱን በሙሉ ጨነቀኝ። ብናገር ሰውየው ተቆጥቶ ሥራውን ከቢሮው ሊወስድ ይችላል፤ የኔም ማክሰኞና ሐሙስ አብሮ ይሄዳል። ዝም ብል ደግሞ «ጥሩ ነው» ያልኩት ቃል ስምንት ሴቶች ላይ በር ሆኖ ሊቆም ነው። መርከቡ አልቆ ማን እንደሚቀጠርበት አላውቅም፤ ግን ከየት ከየት እንደሚመጡ እገምታለሁ።

ባለመርከቡ ሲመጣ የጠበቅሁት ሌላ ሰው ነበር። ቁምጣ የለበሰ፣ ትሑት የሚመስል ሰው ነው። ሁላችንንም ጨበጠን። በሩ ጋ ሲደርስ «የሞከርሽው አንቺ ነሽ አሉ፤ እንዴት ነው?» አለኝ።

ነገርኩት። አንድም አላስቀረሁም። መብራቷ ተረስታ ቀይ እንደቀረች፣ ሁሉም ምሳ እንደሄዱ፣ በሩ ሳይቆለፍ ከአንድ ሰዓት በላይ ትሪ ይዤ እንደቆምኩ ነገርኩት። ስጨርስ ሁሉም መሬት መሬት ያያል። የሚያፍር መስሎኝ ነበር። ይቅርታ የሚለኝ መስሎኝ ነበር።

«ከአንድ ሰዓት በላይ?» አለ፤ ፊቱ እንደ ልጅ ፊት በራ። «ታዲያ ይሠራል ማለት ነው!»

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ዞሬ ነዳፊዋን ባያት እሷም ደርቃ ቀርታለች። ሰውየው ክፋት የለበትም፤ ያስደነገጠኝም ይኸው ነው። ነገሩ ይሠራል ወይስ አይሠራም ብሎ ነበር የመጣው፤ እኔ ደግሞ ማስረጃውን በገዛ አፌ ሰጠሁት። ጭራሽ «መርከቡ ሲያልቅ መጥተሽ ሴቶቹን ብታሠለጥኚልኝ ደስ ይለኛል» አለኝ።

መሐንዲሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አንድ ጥያቄ አለኝ» አሉ፤ ወደኔ ዞረው። «መርከብ ላይ ከምንም በላይ የምንፈራው እሳት ነው። ያን ቀን እዚህ ቆመሽ፣ መብራቱ ቀይ ሆኖ፣ ኮሪደሩ ጭስ ቢሞላ ኖሮ በሩን ትገፊው ነበር?»

ሁሉም አየኝ። ባለመርከቡ ፈገግ ብሎ ራሱን ነቀነቀልኝ፤ መልሱ የታወቀ ነዋ። «እንዴታ፣ እገፋዋለሁ» ይባላል። ማንም ሰው እንደዚያ ይላል፤ እኔም ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ያን ቀን የቆመችውን ሴት በልቤ ፈለግኋት። ጭሱን አመጣሁባት፤ እንድትስል አደረግኋት። እጇን ከትሪው ላይ ላነሣው ብል አልነሣ አለኝ።

«አላውቅም» አልኩ።

መሐንዲሱ እርሳሳቸውን አውጥተው ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ንድፍ ላይ መብራቷን ሰረዟት። ነዳፊዋ «ይወጣል» አለች፤ ሰውየው ሊከራከር ሲል ደግማ «ይወጣል» አለችው። ትከሻውን ነቅንቆ «ኦኬ» አለና ወንበሮቹን ሊያይ ሄደ።

አሸንፌያለሁ መሰለኝ። መሐንዲሱ እጄን በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ። እኔ ግን ሚድ ሲቲ ቤቴ ድረስ ስነዳ የገዛ መልሴን ለራሴ ስደግም ነበር። እንዴት ሰው የራሱን ነፍስ ማዳን አለማዳኑን አያውቅም?

በማግስቱ ጠዋት ስንከትፍ ለጓደኛዬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አጫወትኳት። ስለ ትሪው ስትሰማ ሳቀች፤ «ታዲያ ይሠራል» ያለውን ስትሰማ ሰውየውን በአማርኛም በዐረብኛም ሰደበችው።

«አንቺስ?» አልኳት። «ጭሱ ቢመጣ ትገፊዋለሽ?»

«ምን ማለትሽ ነው! በርግጫ ነው የምከፍተው! እኔ እኮ እንዳንቺ...» አለችና ቢላዋዋ ቆመ።

«ቆይ» አለችኝ፣ ከሷ ሰምቼው በማላውቀው ቀጭን ድምፅ። «መብራቱ ቀይ ነበር አልሽ?»